«ተንከራታች» ማን ነው?

ግስ ይመሰክራል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላቸው ነገር ነበር፤ ደራሲው ሰውየውን ይውደደው ይናቀው ማወቅ ከፈለጋችሁ ቅጽሉን ተዉትና ግሱን ተመልከቱ። እስቲ ስለ ጥንቱ አዳኝ ሰው ስናወራ የምንመርጠውን ግስ እንየው፦ «እያደነና ፍራፍሬ እየለቀመ ከቦታ ቦታ ይንከራተት ነበር» እንላለን። መንከራተት! ቤት ያጣ፣ የሚሄድበትን የማያውቅ ሰው ግስ ነው። ሐረር ተቀምጦ ይህንን መድገም ደግሞ የባሰ ነው። ማስረጃው እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለና።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ደቻቱን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንሳዮቹ በ1929 እ.ኤ.አ. ደርሰውበት «ፖርክ ኤፒክ» አሉት፤ ጃርት ማለት ነው። ከዚያ ዋሻ ከ4 ሺህ በላይ የቀለም ድንጋይ ቁራጭ ወጥቷል። ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ነው። ይህን ድንጋይ እያመጡ መፍጨቱ እዚያ ቢያንስ ለ4 ሺህ 500 ዓመታት እንደቀጠለ አጥኚዎች ደርሰውበታል። የጀጎልን ግንብ ዕድሜ ዐሥር ጊዜ ብትደራርቡት እዚያ ገደማ ትደርሳላችሁ። ለመሣሪያ የሚሆነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ደግሞ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከአሰቦት ወገን ሳይቀር ይመጣ ነበር። ራሳቸው ሄደው ይሁን በልውውጥ፣ የት ምን እንዳለ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይኼ መንከራተት ነው እንዴ? አገሩን በቃሉ የያዘ ሰው ጉዞ እንጂ!

አገሩ ደግሞ አንድ ቦታ አልቆመላቸውም። ዛሬ የምናየው ደረቅ ቆላ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ15 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በርትቶ፣ በስምጥ ሸለቆው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ድርቅ ነበር። ከድሬዳዋ ደቡብ ምዕራብ ባለው በጎዳ ቡቲቻ ዋሻ ደለል ውስጥ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን ክፍተት ተገኝቷል፤ አብዛኛው በዚያ ደረቅ ዘመን ላይ ያርፋል። ደለሉ ታጥቦ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ጥሎት ሄዶም ሊሆን ይችላል። ከክፍተቱ በላይ ግን እንደገና የሰው ሥራ ይገኛል። ውኃው ሲሸሽ የሚከተሉበት እግር፣ ሲመለስም የሚመለሱበት እግር ነበራቸው።

ወርቃማ ዘመን ነበር እያልኩ አይደለም። ረሃብም፣ አውሬም፣ በጨቅላነት መቀጨትም ነበረ። ወደ ዋሻ እንመለስ የሚል ካለ ይቅናው፤ እኔ የለሁበትም። የምለው፣ እነሱን በናቅንበት ግስ ራሳችንን እንመዝን ነው።

ሐሮማያን ውሰዱ። ለሐረር ከተማ ለዐሥርት ዓመታት ውኃ ያጠጣ ሐይቅ ነው። በላይ ከየተራራው የታጠበው አፈር ሞላው፤ በዳር በዳሩ ፓምፑ ለጫቱና ለአትክልቱ መጠጠው፤ ከተማውም ከመቅዳት ሌላ አላወቀም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ደረቀና ከብት ዋለበት። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባል የለ? ይኼኛው ራሱ ውኃው እያሳሳቀ ሄደ። እኛስ ምን አደረግን? ከድሬዳዋ ወገን ካሉ ጉድጓዶች፣ ከቆላ ወደ ደጋ፣ በቧንቧ ሳብን። እግራችን ቧንቧ ሆነ ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃ መልሶ መያዙ ደስ ይላል። ግን የተመለሰ እንግዳ የሄደበትን ምክንያት ካላስተካከሉለት ድጋሚ ይሄዳል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አዳኙ ምንጩ ሲነጥፍ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ግን በሮቹንና መስጊዶቹን ተሸክሞ የትም አይሄድም። መሄድ የማይችል ሰው ከሚሄደው ይልቅ ለውኃው መሳሳት ነበረበት፤ እኛ ግን ልክ እንደሚነሣ ሰው ጨርሰን እንጠጣለን።

እንግዲህ ግሱን ለባለቤቱ እንመልሰው። የቀለም ድንጋዩንና መስታወቱን የት እንደሚያገኝ የሚያውቀውን ሰው «ሄደ»፣ «መረጠ»፣ «ተመለሰ» እንበለው። ሐይቁ ደርቆ ቢጫ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ከቦኖ ቦኖ፣ ከሰፈር ሰፈር ውኃ ሲፈልግ የዋለውን ባለ ግንቡን ከተሜ ደግሞ ምን እንበለው? መቼም ለእሱ የሚሆን ግስ አላጣንም።