«ማደንዘዣ»፣ «እንቅልፍ»፣ «ጾም»፦ በሕሙማን መመሪያ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሕመምተኛ ሊያውቀው የሚገባውን የሚያስረዱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ቃላቱ ለተርጓሚው ትክክል መስለው አንባቢውን የሚያሳስቱበት ጊዜ አለ። ሦስቱን እንመልከት።

ጥርሱን ለሚነቀለውም ሆዱ ለሚከፈተውም የሚሰጠው መድኃኒት በአንድነት «ማደንዘዣ» ይባላል። ለፊተኛው ቃሉ የተገባ ነው፤ ድዱ ይደነዝዛል እንጂ ሰውየው ነቅቶ ያያል፣ ይሰማል። በኋለኛው ግን የሚቋረጠው ንቃተ ኅሊናው ነው። ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ በ1846 እ.ኤ.አ. ለአዲሱ የኤተር ሕክምና «አናስቴዥያ» የሚለውን ስያሜ ሲያቀርብ፣ የግሪክኛው ሥር «ስሜት ማጣት» ማለት በመሆኑ ሁለቱንም ሊሸፍን ቻለ። የእኛ «መደንዘዝ» ግን ያን ያህል ስፋት የለውም። «ሰመመን» የሚለው ይሻላል፤ ሆኖም በዘልማድ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ሁኔታ ስለሚያመለክት፣ «ሙሉ ሰመመን» ተብሎ ፍቺው አብሮ ሊሰጥ ይገባል።

«ይተኛሉ» የሚለው አገላለጽ ያጽናናል፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይሸሽጋል። የተኛ ሰው ሲቆነጥጡት ይነቃል፤ ትን ሲለውም ያስላል። በሙሉ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ግን ይህ መከላከያ ስለሚጠፋበት፣ በጨጓራው ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከምግብ መከልከሉም በዚህ ምክንያት ነው።

ክልከላውን «ጾም» ብሎ መተርጐም ደግሞ የባሰ ነው። በጾም ቀን ሽሮ የሚበላ አንባቢ «ጾመው ይምጡ» ሲባል ምን ይረዳል? ለጤናማ አዋቂ የተለመደው መመሪያ ከቀላል ምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፈሳሽ ቢያንስ 2 ሰዓት አስቀድሞ መታቀብ ነው። ይህን ፈሳሽ «ንጹሕ ፈሳሽ» ያልነው እንደሆነ፣ ንጹሕ ወተትም ይፈቀዳል ማለት ይመስላል። ስለዚህ «በብርጭቆው ማዶ የሚያሳይ ፈሳሽ» ብሎ፣ ውሃንና ወተት የሌለበትን ሻይ በምሳሌነት መጥቀስ ይበጃል።

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ባለው ስፍራ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ቃሉን አንብቦ በማግስቱ ማለዳ በሚያደርገው ነገር ጭምር ነው።