ሕፃኑ ከሃንዳ ቀድሞ ያወቀው ነገር



የእርዳታ መጻሕፍት ካርቶን በተከፈተ ቁጥር እኛ መምህራን ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ። ሽፋኑ የሚያብረቀርቀውን፣ ወፈር ያለውን ቀድመን እናነሳለን። ቀጥለን ደግሞ «ምክር አለው ወይ?» ብለን የመጨረሻውን ገጽ እናያለን። እኔም እዚህ ካኩማ ለትንንሾቹ ማንበብ ስጀምር የምመርጠው እንዲሁ ነበር። ዛሬ ሁለት የሥዕል መጻሕፍትን አወዳድሬ፣ ይህ አመራረጥ ለምን እንደማያዋጣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው አሜሪካዊው ኤሪክ ካርል እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው «ዘ ቬሪ ሀንግሪ ካተርፒላር» ነው። በጣም ስለራበው አንድ አባ ጨጓሬ የሚተርክ ሲሆን በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት የልጆች መጻሕፍት አንዱ ነው። አባ ጨጓሬው ሰኞ አንድ ፖም ይበላል፣ ማክሰኞ ሁለት ፍሬ፣ እያለ እያለ ዓርብ አምስት ብርቱካን ላይ ይደርሳል። በበላበት ሁሉ ገጹ ተበስቷል፤ ልጆች ጣታቸውን በቀዳዳው ያስገባሉ። ቁጥርና የሳምንቱን ቀናት ለማስተማር እውነትም ግሩም ነው።

ችግሩ ቅዳሜ ላይ ነው። በዚያ ገጽ አባ ጨጓሬው የቸኮሌት ኬክ፣ አይስክሬም፣ አይብ፣ ሳላሚ፣ ቋሊማና ሌላም ሌላም፣ በጠቅላላው አሥር ዓይነት ነገር ይበላል። ከአሥሩ ውስጥ ልጆቼ በደንብ ያወቁት ሐብሐቡን ነው። «ይኼ ምንድነው? ያኛውስ?» ሲሉኝ አንባቢነቴ ቀርቶ መዝገበ ቃላት ሆንኩ። ታሪኩም እዚያው ቆመ። በዚያ ላይ በዚህ መጽሐፍ ሥዕሉም ቃሉም የሚናገሩት ያንኑ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ መምህሩ እስኪነግረው ይጠብቃል እንጂ ራሱ የሚያገኘው ብዙ የለም።

ሁለተኛው እንግሊዛዊቷ አይሊን ብራውን ጽፋና ሥላ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው «ሃንዳስ ሰርፕራይዝ» ነው፤ «ሃንዳ ያላሰበችው ነገር» ልንለው እንችላለን። ሃንዳ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ የምትኖር የሉኦ ልጅ ናት። ሰባት ዓይነት ፍራፍሬ በቅርጫት አድርጋ፣ ቅርጫቱን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ጓደኛዋ አኬዮ ወደምትኖርበት መንደር ትሄዳለች። በመንገዷ ሁሉ የምታስበው «አኬዮ የትኛውን ትወድ ይሆን?» እያለች ነው። ቃሉ ስለሙዙ፣ ስለዘይቱኑ፣ ስለማንጎው ብቻ ይናገራል። ሥዕሉ ግን ሌላ ጉድ ያሳያል። ከኋላዋ ጦጣ መጥቶ ሙዙን ይወስዳል፤ ሰጎን ዘይቱኑን፣ የሜዳ አህያ ብርቱካኑን፣ ዝሆን ማንጎውን፣ ቀጭኔ አናናሱን፣ አጋዘን አቮካዶውን፣ በቀቀን ደግሞ የመጨረሻዋን ፓሽን ፍሩት። ቃሉ ስለነዚህ ሌቦች አንዲት ነገር አይልም! መጨረሻ ላይ ከእስሩ ያመለጠ ፍየል የመንደሪን ዛፍ ይገጫል፣ ባዶው ቅርጫት በመንደሪን ይሞላል። አኬዮ ደግሞ ከሁሉ የምትወደው መንደሪን ሆኖ ይገኛል። ሃንዳ ግን ምን እንደተፈጠረ አታውቅም።

እንግዲህ የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሃንዳ አታውቅም፣ የሚያነበውም ድምፅ የማያውቅ ይመስላል። የሚያውቀው ሕፃኑ ብቻ ነው።

በክፍሌ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ቋንቋውን እኔም አልችልም፣ ሌሎቹም ልጆች አይችሉም። አማርኛው ገና፣ ስዋሂሊው ገና፣ እንግሊዝኛውም ገና ነበር። ሁልጊዜ ከምንጣፉ ዳር ይቀመጥና ዝም ይላል። የጦጣውን ገጽ በገለጥኩ ቀን ግን ብድግ ብሎ በጣቱ እያሳየ ጮኸ። ያለው ቃል አልገባኝም፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ሁላችንም ገባን። «ኧረ ወሰደባት!» ነው። እኔም አውቄ «የት? ምን?» እያልኩ ዞር ዞር አልኩ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ከፊት ነው የሚቀመጠው። በካምፕ ውስጥ ስለ ሕፃን ሁሉን ነገር የሚያውቀውና የሚወስነው ትልቅ ሰው ነው። መምህሩ የማያውቀውን እሱ ያወቀበት አሥር ደቂቃ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

መጽሐፉ እንከን የለውም ግን አልልም። የሉኦ ሕዝብ በቪክቶርያ ሐይቅ ዙሪያ ብዙ ሰው ሰፍሮ የሚያርስበት አገር ነው። ወደ ጓደኛዋ የምትሄድ ልጅ ዝሆኑ፣ ቀጭኔው፣ ሰጎኑ ተራ በተራ ተሰልፈው አይጠብቋትም። ይህ አፍሪካን የአራዊት መናፈሻ አድርጎ የማየት የውጭ ሰው ልማድ ነው። ልጆች «ቲቸር፣ እውነት እንዲህ ነው?» ቢሏችሁ «አይደለም፣ ይህ ጨዋታ ነው» በሏቸው። መዋሸት አያስፈልግም።

ሌላው ከአንዲት እናት የሰማሁት ነው። ራሽን በተቀነሰበት ወር ላይ «መምህር፣ ሆዱ ባዶ ለሆነ ልጅ የማንጎ ሥዕል ታሳየዋለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። ካርልም ብራውንም ምግብን እንደ መጫወቻ ነው የሚያዩት፤ ይህን የሚችለው የጠገበ ሰው ነው። መጽሐፉን አልጣልኩትም፤ ግን የማነብበትን ሰዓት ለወጥኩ። ልጆቹ አጥሚት ከጠጡ በኋላ እንጂ በፊት አላነበውም። የቅዳሜውን ገጽ ደግሞ እስካሁን እየዘለልኩት ነው።

አንድ ነገር ለባልደረቦቼ በግልጽ ልናገር። ይህን መጽሐፍ አንብበን ስንጨርስ «ልጆች፣ ምን ተማርን? መስረቅ መጥፎ ነው!» እያልን እንዘጋዋለን። እባካችሁ ይቅር! ብራውን ሌቦቹን አልቀጣችም፤ የልጆቹም ደስታ ቅጣት ውስጥ አልነበረም። እኛ ራሳችን «ተረት ተረት» ሲሉን እየመለስን ያደግን ሰዎች ነን። ያን ጊዜ የሚያስደስተን ምክሩ ነበር? መመለሱ፣ ከተራኪው ጋር መሆኑ አይደል?

ስለዚህ ከካርቶኑ ፊት ስትቆሙ እንዲህ ሞክሩ። ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ገጹን ግለጡ፤ ሥዕሉ ብቻውን የሚናገረው ነገር አለው? ልጁ ቀድሟችሁ የሚያገኘው፣ በጣቱ የሚያሳየው ነገር አለ? በአማርኛ ወይም በልጆቹ ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ልትሉት ትችላላችሁ? አሥር ጊዜ ብታነቡትስ አይሰለቻችሁም? እነዚህን ካለፈ ሽፋኑ ቢቀደድም፣ ምክር ባይኖረውም ውሰዱት። የሚያብረቀርቀው ይቆያችሁ።

መጽሐፍ በእጃችን የሌለን ወላጆችም አለን። ያው መመዘኛ ለቃል ተረትም ይሠራል። ተራኪው አውቆ አንድ ነገር ይሳት፣ ልጁ ያርመው። ለምሳሌ «ፍየሏ ወደ ሰማይ በረረች» በሉና ዝም በሉ። የሚመጣውን ጩኸት ትሰማላችሁ።

እናንተስ ለልጆቻችሁ ስታነቡ የትኛው መጽሐፍ አስጮሃቸው? የትኛውስ አስተኛቸው? ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብታደርሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።