ስለ ዘፈን ውድድር መድረክ መሪዎች ዕድልና ሙያ

ስለ ዘፈን ውድድር ሲወራ በሰው አፍ የሚውለው ዘፋኙ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዳኛው። ባላገሩ አይዶል ወይም ፋና ላምሮት በቴሌቪዥን በታየ ማግስት በሆሳዕና ሻይ ቤቶች የሰማነው ክርክር ሁሉ ማን አሳምሮ ዘፈነ፣ የትኛው ዳኛ አዳላ የሚል ነበር። በሁለቱ መካከል ቆሞ መድረኩን የሚመራውን ሰው ግን፣ ስለ ልብሱ ካልሆነ በቀር፣ የሚመረምረው አላገኘንም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን ሙያ ለመመርመር አስበናል። ለምሳሌ የወሰድነው ከ1956 ጀምሮ የሚካሄደውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥን የሚባለውን ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንባቢ፣ ይህ ከሐዲያና ከከምባታ ልጆች ጋር ምን ያገናኘዋል? ይል ይሆናል። በ2020 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ እንድትዘፍን ተመርጣ ነበር፤ በዘፈኗም ውስጥ የአማርኛ ቃላት ገብተው ነበር። ያ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘና በ2021 በሌላ ዘፈን ቀረበች። እንግዲህ አማርኛ እንኳ በዚያ መድረክ ደጃፍ ደርሶ ነበር። የእኛ ጥያቄ ግን ስለ ዘፋኟ አይደለም፤ የመድረክ መሪ አንደበት በምን ይመዘናል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ዕድልን ከሙያ መለየት ያስፈልጋል። በውድድሩ ልማድ ያሸነፈው አገር በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጅ ይሆናል፤ መድረክ መሪዎቹንም የሚመርጠው አዘጋጁ የቴሌቪዥን ድርጅት ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ መሪዎች ዕድሉ የሚገጥማቸው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግሊዛዊቱ ኬቲ ቦይል በ1960፣ በ1963፣ በ1968 እና በ1974 አራት ጊዜ መርታለች። ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው ችሎታዋን ያደንቃል። ይሁን እንጂ ከአራቱ ሦስቱ የመጡት ያሸነፉት አገሮች ለማዘጋጀት ስላልፈለጉና እንግሊዝ ስለ ተተካች ነው። ስዊድናዊቱ ፔትራ ሜዴም በ2013፣ በ2016 እና በ2024 የመራችው አገሯ በየዋዜማው ዓመት ስላሸነፈች ነው። ብዙ ጊዜ መመረጥ ብቻውን የሙያ ማስረጃ አይሆንም።

ሙያው የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። በ1963 በለንደን የኖርዌይ ድምፅ ሰጪዎች ውጤታቸውን እንደ ደንቡ ስላላቀረቡ፣ ቦይል ቆይታ በመጨረሻ እንደ ገና ጠየቀቻቸው። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ተለይቶ ተገኘና ዴንማርክ ስዊዘርላንድን በልጣ አሸነፈች። ስለ ውጤቱ ብዙ ተከራክረዋል፤ እርሷ ግን የሰማችውን በግምት አልሞላችም። በ1969 ደግሞ በማድሪድ አራት አገሮች እኩል 18 ነጥብ አገኙ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የተጻፈ ደንብ አልነበረም። መድረክ መሪዋ ላውሪታ ባሌንዙዌላ ከራሷ ፍርድ አልሰጠችም። ተቆጣጣሪውን ክሊፎርድ ብራውንን በሕዝብ ፊት ጠየቀችና አራቱም አሸናፊ መሆናቸውን አስታወቀች። ከ1957 እስከ 1977 መድረኩን የመሩት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያያቸው ነበር። በእውነቱ ግን ሒሳቡን በሰው ፊት የሚጠብቁ እነርሱ ነበሩ።

ከዚህ ጋር የ1991ን የሮም መድረክ እናነጻጽር። ቶቶ ኩቱኞና ጂሊዮላ ቺንኩዌቲ ሁለቱም ቀድሞ በዚሁ ውድድር ያሸነፉ ታላላቅ ዘፋኞች ናቸው። ነገር ግን ዝግጅቱን በአብዛኛው በጣልያንኛ መሩት፤ በድምፅ ቆጠራውም ሰዓት ተቆጣጣሪው ፍራንክ ናየፍ ደጋግሞ ሊረዳቸው ግድ ሆነ። የዘፈን ዝና የመድረክ መሪነትን ሙያ አይተካም ማለት ነው።

ከመድረኩ ከወረዱ በኋላ የያዙት ሥራም ትምህርት ይሰጣል። ሆላንዳዊቱ ኮሪ ብሮከን በ1957 አሸንፋ፣ በ1958 በመጨረሻው ደረጃ ቀርታ፣ በ1976 በሄግ መድረኩን መራች፤ ከዚያም ሕግ ተምራ ጠበቃ፣ ቀጥሎም ዳኛ ሆነች። በ1986 በበርገን የመራችው ኖርዌያዊቱ ኦሴ ክሌቬላንድ አስቀድሞ የሙዚቀኞች ማኅበር መሪ ነበረች፤ ከ1990 እስከ 1996 የባህል ሚኒስትር ሆነች። በ2017 በኪየቭ ከመሩት አንዱ ኦሌክሳንድር ስኪችኮ በ2019 የፓርላማ አባል፣ በ2021 የቼርካሲ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሆነ። መድረኩ ሹመት ይሰጣል ማለታችን አይደለም። በሰው ፊት ቃልን መጠበቅና ለተፎካካሪዎች ሁሉ እኩል መሆን ለሌላም ሥራ የሚያገለግል ጠባይ ነው ማለታችን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሆሳዕና በሠርግ፣ በመዘምራን በዓልና በትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ፕሮግራም የሚመራ ሰው እንግዶቹን በአማርኛ ይቀበላል፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ በሐዲይኛ ይናገራል፤ ከዱራሜ ወይም ከሺንሺቾ የመጡ ካሉም ከምባትኛ ይጨምራል። አውሮፓውያን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚያደርጉትን እርሱ ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ ያደርገዋል። ይህ ሰው ከተማ መጥቶ ሌላ መድረክ ላይ ሲቆም ግን የሚመዘነው በአማርኛው ቅላጼ ብቻ ነው።

ይህን የምንለው ስላየነው ነው። በአንድ የተማሪዎች በዓል ጓደኛችን መድረኩን እንዲመራ ተመረጠ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንደ ጨረሰ በቅላጼው ሳቅ ሆነ። ፕሮግራሙ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ፤ የአንድ እንግዳ ስም እንኳ አልተሳሳተም። ሆኖም በሚቀጥለው ጊዜ በፈንታው ሌላ ተመረጠ፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ ወንበር ከመደርደር አልፎ ወደ መድረኩ አልቀረበም። ከሳቁት መካከል እኛም ነበርን። የአገሩን ልጆች ሳቅ ከሌሎቹ ሳቅ ለይቶ እንደ ሰማው በኋላ ነግሮናል።

ስለዚህ ወደ ፊት መድረክ መሪ ስንመርጥ ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል። የተሰበሰበው ሰው ይረዳዋልን? ነገር ሲበላሽ እውነቱን ተናግሮ ሰውን ማረጋጋት ይችላልን? ለሁሉ እኩል ነውን? ቅላጼ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ይህ ሐሳባችን የሚነቀፍበት ነጥብ ካለው መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲነግሩን እንለምናለን። እኛ ግን ለሚመጣው በዓል የጓደኛችንን ስም ደግመን እናቀርባለን፤ እሺ እስኪለንም ድረስ እንለምነዋለን።