የካንሰርና የሰውነት ዘበኞች ሽሚያ፤ በአንድ የዶክትሬት ምርምር መስክ ላይ የቀረበ ሂስ

ለዶክትሬት ለማመልከት የሚያስብ የሥነ ሕይወት ተማሪ የአውሮፓና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡትን የምርምር ማስታወቂያ ቢያገላብጥ፣ አንድ አርእስት ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ይኸውም ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት በካንሰር እብጠት ውስጥ ምን እንደሚመገቡና ምግቡን እንዴት ወደ ኃይል እንደሚለውጡት የሚመረምረው ጥናት ነው። በማስታወቂያው የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ካንሰሩ ስኳሩን ይሻማል፣ የሰውነት ዘበኛ የሆነው ቲ ሕዋስ ይራባል፣ ከረኃቡም የተነሣ ይደክማል፤ ስለዚህ የተራበውን የሚመግብ፣ ተሻሚውንም የሚያስርብ ዘዴ ይፈለጋል ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ታሪክ ምን ያህል እንደ ተረጋገጠ መመርመርና፣ አራት ወይም አምስት የወጣትነት ዓመቱን ለዚህ መስክ ሊሰጥ የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር ረጅም ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ ዓመታት በበርሊን ሲመረምሩ፣ የካንሰር ሥጋ ኦክሲጅን ሳይጎድለው ግሉኮስን እያፈረሰ ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጥ አገኙ። ይህ መንገድ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚያስገኘው 2 ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ የሚፈጸመው ሙሉ መቃጠል ግን ወደ 30 የሚደርስ ያስገኛል። ዋርቡርግ ከዚህ ተነሥተው የካንሰር መነሻ የሕዋሱ መተንፈሻ መበላሸት ነው ብለው ደመደሙ። ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ድምዳሜያቸው ግን አልጸናም፤ የብዙ ካንሰሮች ሚቶኮንድሪያ በደኅና እንደሚሠራ በኋላ ታውቋልና። በ1931 የተሰጣቸው የኖቤል ሽልማትም ስለ መተንፈሻ ኤንዛይም ለሠሩት ሥራ እንጂ ለዚህ ሐሳብ አልነበረም። ከዚህም በላይ ጤነኛው ቲ ሕዋስ ራሱ ለውጊያ ሲነሣና ሲባዛ፣ ልክ እንደ ካንሰሩ ብዙ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። ጠላትና ዘበኛ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ ማለት ነው፤ የሽሚያው ሐሳብ የተወለደውም ከዚህ ነው።

በ2015 ሴል በተባለው መጽሔት የወጡ ሁለት ጥናቶች ለሐሳቡ ማስረጃ አቀረቡ። በአይጦች እብጠት ውስጥ ካንሰሩ ግሉኮሱን ሲያሳንስ፣ ቲ ሕዋሳት የሚዋጉበት ኃይል እንደሚቀንስ አሳዩ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራና ብዙዎችን ያነቃቃ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በተወሰኑ እብጠቶች ላይ የታየው ነገር የሁሉም እብጠት ሕግ ሆኖ ተወሰደ፤ ጥያቄ የነበረውም ሳይመረመር ወደ መነሻነት ተለወጠ።

በ2021 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ችግር ግልጥ አደረገው። ጨረር በሚሰጥ ምልክት የታሰረ ግሉኮስና ግሉታሚን ለአይጦች ሰጥተው፣ ከዚያ በኋላ በእብጠቱ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት በየዓይነታቸው ለይተው ለኩ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከፍተኛውን ግሉኮስ የወሰዱት የካንሰር ሕዋሳት ሳይሆኑ፣ ማየሎይድ የሚባሉት ሌሎቹ የመከላከያ ሕዋሳት፣ በተለይም ማክሮፋጆች ሆነው ተገኙ። ካንሰሩ ይበልጥ የወሰደው ግሉታሚንን ነው። የግሉታሚኑ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በእብጠቱ ያሉት ሕዋሳት የሚወስዱት ግሉኮስ ጨመረ። ስለዚህ በእነዚህ እብጠቶች ውስጥ ምግብን የሚወስነው የገበታው ባዶነት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ምርጫ አለው። ይህን ካየን በኋላ «ካንሰሩ ዘበኛውን ያስርበዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ተፈጸመ ነገር የሚጽፍ ማስታወቂያ፣ ገና የሚጠየቀውን ነገር መልሶ ጨርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ በሳሕኑ ውስጥ ስላለው ምግብ ነው። አብዛኛው የቲ ሕዋስ ጥናት የሚደረገው አር.ፒ.ኤም.አይ. 1640 በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ሊትር ወደ 5 ሚሊሞል ግሉኮስ ሲገኝ፣ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ 11 አለ፤ ዲ.ኤም.ኢ.ኤም. የተባለው ሌላው ፈሳሽ ደግሞ በስኳር በበለጸገው ዓይነቱ 25 ይደርሳል። ስለ ረኃብ የሚያጠና ሰው ሕዋሱን በግብር ቤት እያኖረ ረኃቡን እንዴት ይለካል? በ2017 የሰውን ደም ውሃ የሚመስል፣ ከ60 በላይ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ፈሳሽ ተዘጋጅቷል። በ2020 የወጣ ጥናትም ቲ ሕዋሳት በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ከአር.ፒ.ኤም.አይ. ይልቅ በደንብ እንደሚነቁ አሳየ። የሚያስገርመው ግን ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ሆኖ የተገኘው ስኳሩ ሳይሆን የካልሲየሙ መጠን ነበር። ለብዙ ዘመን ማንም ልብ ያላለው ጨው ውጤቱን ይለውጥ ኖሯል።

ሦስተኛው ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገው መሻገር ነው፤ በዚህም ላይ የሕሙማን ተስፋ አለበት። አይ.ዲ.ኦ.1 የተባለው ኤንዛይም ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያፈርሳል፤ የቲ ሕዋሳትንም ኃይል ይገታል። በ1998 በእርጉዝ አይጦች ላይ የተደረገው ጥናት ይህን ካሳወቀ በኋላ፣ ኤንዛይሙን የሚገታ ኤፓካዶስታት የተባለ መድኃኒት ተሠራ። መድኃኒቱ ፔምብሮሊዙማብ ከሚባለው ጋር ተጣምሮ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር በታመሙ 706 ሰዎች ላይ ተፈተነ። በ2018 የተገለጸው ውጤት ኤፓካዶስታት መጨመሩ አንዳች ጥቅም እንዳላስገኘ የሚናገር ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ በአይጥም ላይ ሠርቷል፤ በሰው ላይ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ይህን ስል መስኩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2019 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ የግሉታሚንን መንገድ በመድኃኒት ሲዘጉ፣ የካንሰሩ ሕዋስ መላ አጥቶ ወደቀ፤ ቲ ሕዋሱ ግን ሌላ መንገድ ፈልጎ በርትቶና ዕድሜው ረዝሞ ተገኘ። አንዱ መድኃኒት በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሥራ ሠራ። ስለ ሽሚያ ብቻ የሚያስብ ሰው ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ ብሎ በጠበቀ ነበር። ይህ ውጤት በሰው ላይ ገና ሊመሰከርለት የሚገባ ቢሆንም፣ መስኩ አዲስ ነገር ሊያስተምር የሚችለው መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጥያቄ ሲቀርብለት መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ላይ ለእኛ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። በ2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከተሐዋስያን ተጠብቆ ያደገ የላቦራቶሪ አይጥ የመከላከያ ሥርዓቱ ከጎልማሳ ሰው ይልቅ የአራስ ሕፃንን ይመስላል፤ ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ ከመጡ አይጦች ጋር አብሮ ሲኖር ግን ወደ ጎልማሳው ይቀርባል። በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የአንጀት ትል ወይም የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ይዘው የኖሩ አሉ። የእነሱ ቲ ሕዋስ በእብጠት ውስጥ ምን ይመገባል? በንጹሕ ቤት ያደገው አይጥ ይህን ሊነግረን አይችልም። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከሥጋ ደዌና ከሳንባ ነቀርሳ ጥናት ያካበተው የመከላከያ ሕዋስ ዕውቀት ስላለ፣ ከዚህ አገር የሚሄድ ተማሪ የሰው ጥያቄ ብቻ ተቀብሎ ሳይሆን የራሱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ ለዚህ መስክ የሚያመለክት ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ የምርምሩ ሐሳብ ትክክል ካልሆነ ይህን የሚያሳውቀው የትኛው ሙከራ ነው? ሁለተኛ፣ ሕዋሱ የሚኖርበት ፈሳሽ በውስጡ ምን ያህል ምን አለው? በእብጠቱስ ውስጥ ያለው መጠን ተለክቷል? ሦስተኛ፣ ከታማሚ ሰው የተገኘ ሥጋና ደም በምርምሩ ውስጥ የሚገባው በስንተኛው ዓመት ነው? ጓደኞቼ ማመልከቻቸውን ከመጻፋቸው በፊት እነዚህን ሊቀበላቸው ለሚያስበው ፕሮፌሰር ቢያቀርቡ፣ ከሚሰጣቸው መልስ ስለ ምርምሩም ስለ ፕሮፌሰሩም ብዙ ያውቁበታል።