ሚስቲቱ ወዴት ነበረች?

አንድን መጽሐፍ ለመመዘን የሚነሣ ሰው የራሱን ሚዛን ይዞ መቅረብ አለበት ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገርለትን መጽሐፍ ያነበብሁት በተዋስሁት ሚዛን ነው። ጥያቄው የእኔ አልነበረም፤ የአንዲት የአገሬ ሴት ጥያቄ ነበር። የእርስዋን ነገር በቦታው አመጣዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን፣ ወጣቶች አንባብያን ሆይ፣ መጽሐፉን ላስተዋውቃችሁ።

በእንግሊዝኛ «ከነንድረም» ይባላል፤ በቋንቋችን «እንቆቅልሽ» ማለት ነው። የታተመው በ1974 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የቈጠርሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የደረሱት ጃን ሞሪስ የሚባሉ፣ በእንግሊዝ አገር በ1926 የተወለዱ ስመ ጥር ጸሐፊ ናቸው። ወላጆቻቸው ጄምስ ብለው ስም አወጡላቸው፤ እንደ ወንድ ልጅም አደጉ፤ ወታደር ሆኑ፤ ከዚያም የጋዜጣ ሰው ሆኑ። በ1953 የኤቨረስት ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ከወጪዎቹ ጋር በረዶው ላይ ሰንብተው ወሬውን ለዓለም የላኩት እርሳቸው ነበሩ። ሌሎች ጋዜጠኞች እንዳይቀድሟቸው ፈርተው፣ ላዩን ሲያነቡት የበረዶው ሁኔታ ክፉ ነው የሚል፣ ውስጡ ግን ተራራው ተወጣ የሚል የምሥጢር ቃል ሰደዱ። ወሬው ሰኔ 2 ቀን፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑበት ዕለት ማለዳ በለንደን ታተመ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ተራራው ብዬ አይደለም። መጽሐፉን ሳነብ ደጋግሞ የታየኝ አንድ ነገር ስላለ ነው፤ ይኸውም እኒህ ሰው ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ መልእክት መጻፍ የለመዱት ከኤቨረስት በፊት ገና በልጅነታቸው መሆኑ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሆናቸው፣ እናታቸው ፒያኖ ሲመቱ ከፒያኖው ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ የተወለድሁበት ገላ የእኔ አይደለም፣ እኔ ሴት ልጅ ነኝ የሚል አሳብ በልባቸው ገባ። በኦክስፎርድ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ልጅ በነበሩ ጊዜም፣ ሌላው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት ሴት አድርገኝ ብለው በልባቸው ይጸልዩ ነበር። ይህ አሳብ ዕድሜያቸውን ሁሉ አልለቀቃቸውም። በ1949 ኤልዛቤት የምትባል ልጅ አገቡ፤ አምስት ልጆች ወለዱ፤ አንዲቱ በሕፃንነት ሞተችባቸው። በ1964 ገላን የሚለውጥ መድኃኒት መውሰድ ጀመሩ፤ በ1972 ደግሞ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ካዛብላንካ ከተማ ሄደው በሐኪም እጅ ተቀደዱ። ሞሮኮ ድረስ የሄዱትም የእንግሊዝ ሐኪሞች፣ አስቀድመህ ሚስትህን ፍታ ስላሏቸው ነው፤ እርሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ሊፋቱ አልወደዱም።

እንዲህ ያለውን ሰው ዛሬ ትራንስጀንደር ይሉታል። ሲወለድ ወንድ ወይም ሴት ተብሎ የተሰጠው ስም ከውስጡ ጋር የማይስማማለት ሰው ማለት ነው። አንዳንዱ በሕክምና ገላውን ያስለውጣል፤ አንዳንዱ አያስለውጥም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ልናገር። ይህን ጽሑፍ ስጀምር፣ እስከ 1972 ድረስ «እርሱ»፣ ከዚያ በኋላ «እርስዋ» እያልሁ ልጻፍን? ብዬ ብዙ ተጨነቅሁ። ኋላ ግን አማርኛ ራሱ መንገድ አሳየኝ። ሰውን በአንቱታ ስንጠራ «ጻፉ»፣ «ሄዱ»፣ «እርሳቸው» እንላለን፤ በዚህም ውስጥ ወንድና ሴት አይለይም። አክብሮ ለሚናገር ሰው ጭንቀቱ የለም። አባቶቻችን ይህን ያበጁት ለዚህ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። እኔ በለንደን የአገራችን ሰዎች ያቋቋሙት የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት አባላችን ከስብሰባ በኋላ ብቻዬን ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡኝ» አለችኝ። ባለቤትዋ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ፣ በመጨረሻው «እኔ በውስጤ ሴት ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ» ብሎ እንደ ነገራት አለቀሰችና አወራችኝ። የምትጠላው አልነበረችም። ልትተወውም አላሰበችም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገሩን የምታካፍለው ሰው። እኔም ራሴን እንደ ብልህ ሽማግሌ ቈጥሬ፣ «ልጄ፣ ታገሺ፤ ያልፋል፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አልኋት። በዚያ ሰዓት ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ያደረግሁት ግን ተንፍሳ እንዳትኖር አፍዋን መለጎም ነው።

ያች ሴት በልደትም በሠርግም በለቅሶም የማትቀር ነበረች። ከዚያ በኋላ መምጣት ተወች። ወርኃዊውም መዋጮ ቀረ። ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ስለሚል፣ ደንብ ደንብ ነው ብዬ የሁለቱንም ስም በቀይ ቀለም ሰረዝሁ።

ባለፈው ዓመት እንጀራ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ተገናኘን። ሰላምታዋ የቀዘቀዘ አልነበረም። ከቦርሳዋ ይህን መጽሐፍ አወጣችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ ይወዳሉ። ይህን ያንብቡና አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ሚስቲቱ ወዴት ነበረች?» አለችኝ።

እንግዲህ መጽሐፉን ያነበብሁት በዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም የመጽሐፉን ትልቁን ጉድለት የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። ጃን ሞሪስ እጅግ የተካኑ ጸሐፊ ናቸው፤ ከተማን፣ ተራራን፣ ባሕርን ሲገልጹ ዓይን የተሰጣቸው ሰው መሆናቸው ወዲያው ይታያል። ስለ ሚስታቸውም በፍቅር ይጽፋሉ። ነገሩን ከእርስዋ እንዳልደበቁ፣ ደግ፣ አስተዋይ፣ ታማኝ መሆንዋን ይነግሩናል። ነገር ግን ምስጋናና ድምፅ አንድ አይደሉም። ኤልዛቤት በመጽሐፉ ውስጥ ትመሰገናለች እንጂ አትናገርም። ባለቤትዋ መድኃኒት መውሰድ የጀመረ ዕለት ማታ ምን አሰበች? ከካዛብላንካ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ከማን ጋር ተቀምጣ ጠበቀች? ጎረቤት ሲጠይቃት ምን ብላ መለሰች? ይህን የሚመልስ ገጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለ ራሱ ሕይወት የሚጽፍ ሰው የሌላውን ልብ እንዲናገር አይገደድም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ቢሆንም አንድ ሰው እንቆቅልሹን ሲፈታ አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው አዲስ እንቆቅልሽ ይሸከማል፤ የዚህን ሸክም ክብደት ደራሲው በሁለትና በሦስት የምስጋና ቃል አልፈውታል።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ሌሎች ሰዎች በሌላ ምክንያት ነቅፈውታል። ሬቤካ ዌስትና ኖራ ኤፍሮን የተባሉት ሴቶች ጸሐፊዎች በዚያው በ1974 ጽፈው፣ ጃን ሞሪስ ሴትነት ማለት ሰው በር ሲከፍትልህ ደስ መሰኘት መስሏቸዋል ብለው ዘለፏቸው። ዘለፋው በከፊል ትክክል ነው፤ እኔም እነዚያን ገጾች ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። ዳሩ ግን በሃምሳ ዓመት ዕድሜ አጠገብ ያልለመዱትን ነገር የሚለምድ ሰው በጥቃቅኑ መደሰቱ ያን ያህል የሚያስቆጣ አይመስለኝም።

ሁለተኛውና ለእኔ የከበደው ጉድለት የብቸኝነቱ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ዘመን፣ ይህ ሁሉ መንከራተት ሲተረክ፣ ደራሲው እንደ እርሳቸው ካሉ ሰዎች ጋር የተቀመጡበት ቦታ ከጥቂት አይበልጥም። ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝም ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ በካዛብላንካው ሐኪም ቤት ከሌላ ሌላ አገር ለዚያው ጉዳይ ከመጡት በሽተኞች ጋር የተገናኙበት ክፍል። ገና ቍስላቸው ያልጠገገ፣ ቋንቋቸው የማይመሳሰል ሰዎች እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። እነዚያን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበብኋቸው። ደራሲው ግን ቶሎ ብለው ወጥተው ወደ አገራቸው ይጓዛሉ፤ እነዚያም ሰዎች ተመልሰው አይመጡም።

ይህን ጉድለት የሚያጐላ አንድ ታሪክ አለ። መጽሐፉ በታተመበት በ1974፣ በመጋቢት ወር፣ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሐኪሞችና ከተማሪዎች ጋር ተሰብስበው ስለ ራሳቸው ተነጋግረዋል። ከዚያም በፊት በ1966 የቦሞንት ማኅበር የሚባል በዚያው አገር ተቋቁሞ ነበር። የማኅበሩ አባሎች በደብዳቤ ይገናኙ፣ በሰው ቤት በምሥጢር ይሰበሰቡ ነበር። ከጊዜ በኋላም የአባሎቹ ሚስቶች እርስ በርሳቸው የሚመካከሩበት የራሳቸው ክፍል ተበጀ፤ ያች ሴት ከእኔ ለምና ያጣችው እንዲህ ያለውን ነው። ወላጆችም በፋንታቸው በ1995 መርሜይድስ የተባለውን ማኅበር ለልጆቻቸው ሲሉ አቋቋሙ። እነዚህን ማኅበሮች ስጠራ እንከን የለባቸውም ማለቴ አይደለም። የቦሞንት ማኅበር ራሱ በመጀመሪያው ዘመን በሕክምና ገላቸውን ሊያስለውጡ ለሚሹት ደጁን ዘግቶ ነበር። የተገፋ ሰው ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚያስበው መዝጊያውን ነው፤ የእኛም ዕድር ከዚህ አያመልጥም።

ስለዚህ ጃን ሞሪስ ብቻቸውን የቀሩት ሰው ስላልነበረ አልነበረም። ዝና፣ ገንዘብ፣ ርስትና ታማኝ ሚስት ስለ ነበራቸው ማኅበር ሳይፈልጉ መኖር ቻሉ እንጂ። ይህን በመጽሐፉ ውስጥ ጠንከር አድርገው ቢናገሩት ኖሮ፣ ከእነዚህ አራቱ አንዱም የሌለው ወጣት መጽሐፉን ከፍቶ ራሱን በከንቱ ባልወቀሰ ነበር።

መልካሙን ደግሞ ልናገር፤ መልካሙ ብዙ ነውና። ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠው ክፍል ካዛብላንካ አይደለም፤ የቤታቸው ነገር ነው። በሰሜን ዌልስ ላንስተምዱይ በምትባል መንደር አጠገብ ይኖሩ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ትናንት ጄምስ ብለው የሚጠሩትን ሰው ዛሬ ጃን ብለው ሲጠሩት ብዙ ያልተቸገሩ ገበሬዎችና ባለ ሱቆች ናቸው። ነገሩ ገብቷቸው ነበርን? አይመስለኝም። በልጅነታችን «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለን አልነበረምን? መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። የዌልስ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እንቆቅልሹን ሳይፈቱት አገር ሰጡ።

ከመጽሐፉ በኋላ የሆነውን ደግሞ ማወቅ ይገባል፤ መጽሐፉ ያልመለሰውን ጥያቄ በከፊል የመለሰው እርሱ ነውና። በዚያ ዘመን ሕጉ ሁለት ሴቶችን ባለ ትዳር ብሎ ስለማይቀበል፣ ጃንና ኤልዛቤት በወረቀት ተፋቱ። በወረቀት ተፋቱ እንጂ አንድ ቤት ውስጥ ኖሩ። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ በ2008፣ በፑልሄሊ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሄደው እንደ ገና ተፈራረሙ። ከመጀመሪያው ሠርጋቸው 59 ዓመት አልፎ ነበር። ለመቃብራቸውም ድንጋይ በሕይወት ሳሉ አስቀርጸው በቤታቸው አኖሩት፤ የተቀረጸበትም በዌልስኛና በእንግሊዝኛ ሁለት ወዳጆች በአንድ ሕይወት ፍጻሜ እንዳሉ የሚናገር ቃል ነው። ጃን በኅዳር ወር 2020 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ድንጋዩ ላይ የሁለቱም ስም እኩል ተጽፏል። መጽሐፉ የነፈገውን ቦታ ድንጋዩ ሰጥቷል ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር፤ ግን የመቃብር ድንጋይም ቢሆን ማታ ማታ ከማን ጋር እንዳለቀሰች አይናገርም።

መጽሐፉን ልመልስ የሄድሁ ዕለት ይህንኑ ሁሉ ለሴትዮዋ ነገርኋት። ቡና እያፈላች ሰማችኝ። ባለቤትዋ አጠገብዋ ተቀምጠው ነበር፤ ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ እኔም አንቱ እያልሁ አነጋገርኋቸው። «ታዲያ ጋሼ፣ የዚያች ሴት ነገር የተጻፈበት መጽሐፍ የለም ማለት ነው?» አለችኝ። በዚህኛው ውስጥ የለም አልኋት። «እንግዲያስ እኔ እጽፈዋለሁ» አለችና ሳቀች፤ እውነትዋን ይሁን ቀልድዋን አልለየሁም።

ስማቸውን ከመዝገቡ የሰረዝሁት በገዛ እጄ ነው። በሚመጣው ወር ስብሰባ እንዲመለስ አሳስባለሁ። የባለቤትዋ ስም በየትኛው እንዲጻፍ ጠይቄአቸው በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ወረቀቱ በዚህ መጽሐፍ ገጾች መካከል ሆኖ ስለ ነበረ ረስቼው ልሄድ ስል ሴትዮዋ ከደጅ ጠርታ ሰጠችኝ። አባሎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም።