የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለበጋ ወራት ለእግረኛ ይለቀቅ ሲባል

የመሐል ከተማን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ለተወሰኑ ወራት ከመኪና አስለቅቆ ለእግረኛ መስጠት በብዙ የውጭ አገር ከተሞች እንደ መልካም ሥራ ከተቈጠረ ቈይቷል። አሳቡ ስለ አዲስ አበባ ፕላን በምናደርጋቸው ክርክሮችም እየተደጋገመ ስለ መጣ፥ ከየት እንደ ተነሣና ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንደሚጐድለው መመርመር ተገቢ መስሎናል። አሳቡን የምንቃወም አይደለንም። የምንነቅፈው አቀራረቡን ነው፤ ይኸውም መኪናውን ማስወጣት የሥራው ሁሉ ፍጻሜ መስሎ መታየቱን፥ መንገዱ ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚሆንም ሳይጠየቅ መታለፉን ነው።

ዘወትር በምሳሌነት የሚጠቀሰው ስትሮየት የተባለው የኮፐንሃገን መንገድ ነው። (የውጭ አገሩን ነገር ስናነሣ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር ሰጥተናል።) ይህ መንገድ በኖቬምበር 1962 ለሙከራ ተብሎ ተዘጋ፤ በ1964 ቋሚ የእግረኛ መንገድ ሆነ። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎቹ መኪና ከሌለ ገበያተኛ የለም ብለው አጕረመረሙ፤ ሌሎችም እኛ የብርድ አገር ሰዎች እንጂ ጣሊያኖች አይደለንም፥ አደባባይ መዋል ልማዳችን አይደለም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ያሉት ሳይሆን ቀረ።

ነገር ግን የተዘጋ ሁሉ አልተሳካም። በአሜሪካ በካላማዙ ከተማ በ1959 የተዘጋው መንገድ ከፊሉ በ1998 ለመኪና ተመልሶ ተከፈተ። በፍሬዝኖም በ1964 ተዘግቶ የነበረው የፉልተን መንገድ በ2017 እንደገና መኪና ገባበት። እንደሚመስለን ምክንያቱ የመንገዱ አሠራር ብቻ አይደለም። የከተማው ሰው መኪናውን ይዞ ወደ ዳር ወጥቶ ነበር፤ ትልልቆቹ ሱቆችም ተከትለውት ሄዱ። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሌለበት ለእግረኛ የተለቀቀ መንገድ ባዶ ሜዳ ከመሆን አልዳነም። በዚህ በኩል እኛ ከፍሬዝኖ ይልቅ ዕድለኞች ነን፤ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የማያንሰው በእግር የሚደረግ ነውና።

ለወራት ብቻ የመዝጋት ልማድ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ሞንትሪያል የሴንት ካትሪንን መንገድ ምሥራቃዊ ክፍል ከ2008 ጀምሮ፥ የሞን ሮያልንም መንገድ ከ2020 ጀምሮ በሙቀቱ ወራት ለእግረኛ ለቅቃለች። ስቶክሆልምም በ2015 እንዲሁ ማድረግ ጀመረች። የዚህ ዘዴ ብልኀት የሚፈራውን ሰው ለማግባባት ማስቻሉ ነው። ሱቄ ይከስርብኛል የሚለው ነጋዴ ፍርሀቱ በሦስት ወይም በአራት ወር የተወሰነ ስለሚሆን፥ ሞክረን እንየው ቢሉት እሺ ማለት አይከብደውም።

ወራቱን ግን ከእነርሱ መገልበጥ አይቻልም። ሞንትሪያልና ስቶክሆልም መንገዳቸውን የሚለቅቁት በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያ ጊዜ ለእነርሱ ፀሓይ የሚሞቅበት ሲሆን፥ ለእኛ ጐርፍ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ የሚወርድበት ነው። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የውጭ አገር ፕላን ሲገለበጥ አስቀድሞ የሚረሳው እንደዚህ ያለው ተራ ነገር ነው። ለአዲስ አበባ የሚስማማው ከመስቀል ማግስት እስከ ጥምቀት ያለው አራት ወር ያህል ይመስለናል። ሰዓቱም ቢሆን ይለያል። የስቶክሆልም ሰው ፀሓይን ሲፈልግ ይውላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው መሐል ከተማችን ግን የቀትር ፀሓይ ራስ ይመታል፥ የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽት ደግሞ ጋቢ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሰው መንገድ ላይ ሊቀመጥ የሚወደው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ ይዘጋ የሚል ሰው ጥላ የሚሆን ዛፍ ያምጣ።

በአገራችን ሙከራ ጨርሶ አልተደረገም ማለት አይደለም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዋና ዋና መንገዶች በእሑድ ጧት ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ ሮጦባቸዋል፥ ልጆችም ተጫውተውባቸዋል። የቦጎታ ከተማ ከ1974 ጀምሮ በየእሑዱ የምታደርገውን ይመስላል። እኛም ደስ ብሎን ሮጠናል። ይሁን እንጂ የተመረጠው ሰፊው ዋና መንገድ ስለ ነበረ፥ መንገዱ ለጥቂት ሰዓት የስፖርት ሜዳ ሆነ እንጂ ሰው የሚውልበት ስፍራ አልሆነም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና መቀመጫዎችም እንዲሁ የዋናውን መንገድ ጠርዝ የተከተሉ ናቸው። ሰዉ የሚኖረው ግን ከዚያ በስተኋላ ነው።

ደግሞስ የአዲስ አበባ ሰው መንገድ መዝጋትን ከኮፐንሃገን ሊማር ያስፈልገዋልን? በሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ እንደ ሆነ የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው ብዙ ጊዜ በመንገዱ ላይ ነው፤ ግቢው አይበቃማ። አግዳሚው ወንበር ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፥ በሁለቱ ጫፎች ድንጋይ ይቀመጣል። ባለ መኪናው ሲደርስ «ለቅሶ ነው» ይባላል፤ እርሱም ሳይከራከር ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ሰፈርተኛ ከሆነም መኪናውን አቁሞ ይገባና ይቀመጣል። በሠርግ ወራትም እንደዚሁ ነው። በጥምቀት ዋዜማ የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን ጠርገው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፤ በደመራም ዕለት ችቦው የሚቆመው በዚያው በሰፈሩ መንገድ ነው።

ይህን የጠቀስነው ልማዳችንን ለማመስገን ብቻ አይደለም። (የሠርግ ድንኳን የድምፅ ማጕያ ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያስጨንቅ እናውቃለን።) ነገር ግን በድንኳኑ ውስጥ ፕላን አውጪዎች ሊመለከቱት የሚገባ ሥርዐት አለ። መንገዱ ለምን እንደ ተዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚከፈት ይታወቃል፤ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የዕድሩ ዳኛ አለ። ከሁሉም በላይ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ምን ገዝተህ ነው የምትቀመጠው የሚለው የለም።

አሁን ደግሞ በመጽሔት ሥዕል የምናየውን የበጋ የእግረኛ መንገድ እናስብ። መኪናው ሲወጣ በቅድሚያ የሚገባው የካፌው ጃንጥላና ወንበር ነው። ካፌው ሲስፋፋ፥ በዚያ ጥግ ለዓመታት ጫማ ሲጠርግ የኖረው ሊስትሮ የመንገዱን ውበት ያበላሻል ይባላል። ሶፍትና ማስቲካ በትሪ ይዞ የሚዞረው ጀብሎ፥ ረከቦቷን ዘርግታ ቡና የምታፈላውም ሴት ይከተሉታል። በዚህ ዐይነት ለሕዝብ ተለቀቀ የተባለው መንገድ የማኪያቶ ዋጋ ላለው ሰው ብቻ የተለቀቀ ይሆናል። (በወሩ መጨረሻ እኛ ተማሪዎችም ከውጭ ቆመን የምናይ ነን።) መኪናው ቢያንስ ለሊስትሮው ጥጉን አይነሣውም ነበር። ካፌው አይስፋፋ አንልም፤ ነጋዴው ጥቅም ካላገኘ መዘጋቱን አይደግፍም። ነገር ግን ለያንዳንዱ የካፌ ወንበር አንድ የማይገዙበት መቀመጫ በዚያው መንገድ ላይ እንዲኖር፥ የሊስትሮውም ስፍራ አስቀድሞ በኖራ ተሰምሮ እንዲለይ ማድረግ ለወረዳው ብዙ ወጪ አይደለም።

የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ መተው እንዳለበት፥ ጭነት የሚራገፍበትም ሰዓት መወሰን እንዳለበት ግልጽ ነውና አንሰፋበትም። የመንገዱ ምርጫ ግን ይከብዳል። በብዙ ሰፈር የድንጋዩን ንጣፍ ያሠራው ነዋሪው ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ነው። ያዋጣው ሰው ሳይጠየቅ መንገዱ ቢዘጋ ከባለ መኪናው ይልቅ የሚቈጣው እርሱ ነው፤ ተጠይቆ ቢስማማ ግን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ደጁን ጠርጎ ቈሻሻውን እንደሚያጥን ሁሉ ይህንም ይጠርገዋል።

ስለዚህ ከመሐል ከተማው አንድ አጭር የውስጥ መንገድ ተመርጦ፥ ነዋሪውና ነጋዴው ተጠይቆ፥ ለአንድ በጋ ይሞከር እንላለን። ዴንማርካዊው ያን ጌል ስትሮየትን ሲያጠና ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚያልፈውንና የሚቀመጠውን ሰው ይቈጥር ነበር። ይህን የኮሌጃችን ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት በጥቅምት አንድ ሳምንት፥ ከተዘጋም በኋላ በታኅሣሥ አንድ ሳምንት፥ ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይቈጠር። መቍጠሪያው ወረቀት ሁለት ዐምድ ይኑረው፤ በአንዱ ገዝተው የተቀመጡት፥ በሁለተኛው ሳይገዙ የተቀመጡት ይመዝገቡ። ሊስትሮዎቹም በጥቅምት ስንት እንደ ነበሩ፥ በታኅሣሥም ስንት እንደ ቀሩ በግርጌው ይጻፍ።