ብርዱ የሌለበት ፎቶግራፍ

ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ነው። ነገ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል ስለሆነ ሰፈራችን እንቅልፍ የለውም። ከደብሩ የድምፅ ማጉያ የሚወጣው ማሕሌት የቆርቆሮ ጣራችንን ዘልቆ ይገባል፤ ከመርካቶ የሚመለሱ ታክሲዎች ጡሩምባ ይታከልበታል። የተክለ ሃይማኖት ሰው እነዚህን ሁለት ድምፆች አንድ ላይ መስማት ከለመደ ቆይቷል። እናቴ ለነገ የሚሆነውን ቡና ስትለቅም እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። የታኅሣሥ ብርድ መቼም ይታወቃል። በዚህ መካከል ስልኬ ድምፅ አሰማ። ታናሽ እህቴ ከሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና ከምትባል ከተማ፣ አንድ ፎቶግራፍ ልካለች።

ፎቶግራፉ የሚያስደንቅ ነው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ብርሃኑ እንደ ተሰቀለ የሐር መጋረጃ እየተጣጠፈ ይወርዳል፤ ከግርጌው ደግሞ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ወይን ጠጅ መሳይ መስመር ይዞራል። ከታች በረዶ፣ ጽድ መሰል ዛፎች፣ አንድ መስኮቱ የበራ ቤት። የቤቱ ልጆች ስልኬን እየተቀባበሉ «ገነት ነው!» አሉ። ለበዓሉ የመጡት እንግዶችም አደነቁ። እናቴ ብቻ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «ብርዱስ የታለ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ስሠራ የሰው መጻሕፍት ላይ ሒስ ጽፌያለሁ። እንደዚህች ጥያቄ ያለች ሒስ ግን እኔም ጽፌ አላውቅም፣ የጻፈም አላጋጠመኝም። ስለዚህ በዚህ ወር መጽሐፍ ትቼ አንድ ፎቶግራፍ ልመርምር። እህቴ ትቆጣኝ ይሆናል፤ አንባቢ ግን ይፈርደኛል። ከዚህ ሰፈር ቤቶች መካከል ከውጭ ፎቶግራፍ የማይላክለት ምን ያህሉ ነው?

በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ። ፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም የምትልከው። በኤሌክትሪክ የተሞሉ ደቃቅ ቅንጣቶችንም ያለማቋረጥ ትረጫለች፤ አንዳንዴም በገፍ ታፈነዳለች። ይህ ፍንዳታ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ምድር ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ምድር ደግሞ ትልቅ ማግኔት ናት። ቅንጣቶቹ በማግኔቱ መስመር እየተመሩ በዋልታዎቹ ዙሪያ ወዳለው ሰማይ ይወርዳሉ። እዚያም፣ ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ፣ ከአየሩ ጋር ይጋጫሉ። የተመታው ኦክስጅን አረንጓዴ ያበራል፤ ከፍ ብሎ ያለው ቀይ፤ ናይትሮጅን ደግሞ ሰማያዊና ወይን ጠጅ። እህቴ የላከችው መጋረጃ የተሠራው እንዲህ ነው።

ወደ ካሜራው እንምጣ። የሰው ዓይን በጨለማ ሲያይ የሚሠሩለት ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ብርሃኑ ሲበረታ አረንጓዴውን ዓይን ያየዋል፤ ሲደክም ግን የሚታየው ግራጫ ዳመና የመሰለ ነገር ነው። ካሜራ እንደ ዓይን አይደለም። ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ብርሃኑን ያጠራቅማል፤ ሰው ያላየውን ቀለም አድምቆ ያወጣል። በግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ ብርሃኑ ከዋልታው ርቀው በሚገኙ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ሳይቀር ታየ። ያን ጊዜም ብዙ ሰው ሰማዩን በዓይኑ ፈልጎ ሲያጣው ስልኩን አንስቶ በስልኩ መስኮት ነበር ያገኘው። እንግዲህ ፎቶግራፉ ይዋሻል ማለት ነው? አይዋሽም፤ ብርሃኑ በእርግጥ አለ። ነገር ግን የቆመው ሰው ያየውን አይናገርም።

ይህን እያሰብኩ በማግሥቱ፣ ከንግሥ መልስ፣ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ፎቶውን ተይውና በዓይንሽ ያየሽው ምን ይመስል ነበር?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «እውነቱን ልንገርህ ጋሼ? መጀመሪያ ዳመና ነው ብዬ ነበር። ነጣ ያለ ነገር… ሊነጋ ሲል ከተራራው ጀርባ እንደሚታየው። ቆይቶ ነው የተንቀሳቀሰው።»

ይህን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «ታዲያ ወጋገን ነዋ! ወጋገን በይኛ!» አለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በአማርኛ ይህን ነገር «የሰሜን ብርሃን» ስንል ቆይተናል። ከፈረንጁ ቃል በቃል የተገለበጠ ስም ነው። በእኔ በኩል ሁለት ጉድለት አይበታለሁ። አንደኛ፣ «ሰሜን» ለእኛ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ አገርም ነው። ሰሜን ሲባል ራስ ዳሸን፣ ውርጭ፣ ገብስ የሚታረስበት ገደል በዓይናችን ይመጣል። ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። «ብርሃን» በቋንቋችን ከባድ ቃል ነው። የቅዳሴ ቃል ነው። ይህን ቃል ለብሶ የመጣ ነገር ገና ሳናየው ያሰግደናል። ወጋገን ግን ልክ ነው፦ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጨረቃ ሳትታይ፣ ከአድማስ የሚፈነጥቅ፣ ይሁን አይሁን የሚያጠራጥር ብርሃን። ደግሞም ሊቃውንቱ በብዙ ቋንቋ «ኦሮራ» የሚሉት በሮማውያን የጎህ አምላክ ስም ነው። እናቴ ላቲን አታውቅም። ቃሉን ያገኘችው ልጇ የነገረቻትን በጥሞና ስለሰማች ነው። «የሰሜን ወጋገን» ብንለው ለነገሩም ለቋንቋውም ታማኝ እንሆናለን ባይ ነኝ።

የተረፈው የብርዱ ጥያቄ ነው። ጎረቤታችን መሪጌታ ለበዓሉ ጠላ ሊቀምሱ ጎራ ሲሉ ፎቶግራፉን አሳየኋቸው። አተኩረው አዩና «ሄኖክን አንብበህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን እሳቸው እንዳነበቡት አላነበብኩትም ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ነፋሳት መውጫ ብዙ ይናገራል። ሄኖክ በጉዞው ወደ ሰሜን፣ ወደ ምድር ዳርቻ ሄዶ ታላቅና የከበረ ድንቅ ነገር እንዳየ ይጽፋል። ምን እንደሆነ አያብራራም። ወዲያው የሚነግረን በዚያ ስላሉት ሦስት የሰማይ በሮች ነው፤ ከእነርሱ ስለሚወጣው ነፋስ፣ ብርድ፣ በረዶ፣ አመዳይ። በሌላ ራእዩ ደግሞ ግድግዳው ከበረዶ የተሠራ፣ ዙሪያውን የእሳት ልሳን የከበበው ቤት ውስጥ ይገባል። ቤቱ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ እንደ በረዶም የሚቀዘቅዝ ነው። ባለ ራእዩም በፍርሃት ይንቀጠቀጣል።

ሄኖክ ያየው የሰሜን ወጋገን ነው እያልኩ አይደለም። መሪጌታም እንዲህ አላሉም፤ ቢባሉም ይቆጣሉ። የምለው ስለ አጻጻፉ ነው። ያ ጸሐፊ ድንቁን ሲነግረን ብርዱን አልደበቀንም። በረዶውን ከእሳቱ ጋር አንድ ግድግዳ አደረገው። ራሱንም ከሥዕሉ አላወጣም፤ እዚያው ቆሞ ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን። ሠዓሊያችን እስክንድር ቦጎስያንም እ.ኤ.አ. በ1964 የሣለውን፣ ዛሬ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘውን ሥዕል ስም ሲያወጣለት ፍርሃትንና ደስታን በአንድ የሌሊት በረራ አጣምሯል። በጨለማ ሰማይ ፊት የቆመ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሊነግረን አይችልም። ከነገረንም ጎዶሎ ነው።

የእህቴ ፎቶግራፍ ጉድለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ማንም አልቆመበትም። ብርድ የለም፤ የሚበርደውም ሰው የለም። መስኮቱ የበራው ቤት የእሷ ቤት ይመስለናል። አይደለም። በኋላ እንደነገረችኝ የማታውቀው ሰው ቤት ነው። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ተራዋን ጨርሳ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን። በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ ለሳምንታት ሳትወጣ ትቆያለች፤ በዚያ ሰሞን ገና ብቅ ማለቷ ነበር።

ይህን ሐሳቤን፣ እንዲያውም እንዳሁኑ ሳላለሰልሰው፣ ለእህቴ ነገርኳት። መልሷን ሳልደብቅ ላስፍረው።

«ጋሼ፣ ለእማዬ በዓል ብርድ ልላክላት? እኔ ስጦታ ነው የላክሁት። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ታርመኛለህ።»

ልክ ነበረች። ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው ሥራውን ከመመዘኑ በፊት ለማን ተብሎ እንደተሠራ መጠየቅ ነበረበት። ከስደት የሚላክ ፎቶግራፍ ሁሉ በከፊል ደብዳቤ፣ በከፊል ገንዘብ ነው፤ «ደህና ነኝ» የሚለውን አደራ ተሸክሟል። በዚያ ዕቃ ላይ ብርድ መጫን ጭካኔ ሊሆን ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን እናቴም ልክ ነበረች። ዘወትር ገነት እየተላከለት የሚኖር ቤተሰብ ውሎ አድሮ ልጁን ማወቅ ይተዋል። ገነት ውስጥ ያለ ሰው ታመምክ ወይ፣ በላህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ብር ላክ ነው የሚባለው። ያች የድብቅ ብርድ ዞራ ዞራ የምትጎዳው ላኪውን ነው።

ሌላም አለ። ያ ፎቶግራፍ ኪሩናን ሌላ ዓለም፣ ተክለ ሃይማኖትን ሌላ ዓለም አስመስሎታል። እውነቱ ግን የተለየ ነው። የዓለም ሊቃውንት ምድርንና ሰማይዋን በጋራ ለማጥናት የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው እ.ኤ.አ. 1957 እና 1958ን በሰየሙ ጊዜ፣ በኪሩና የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተከፈተ። በዚያው ወቅት፣ በ1950 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዊን የመሠረቱት ጣቢያ የምድርን ማግኔት መመዝገብ ጀመረ። ለምን አዲስ አበባ ቢሉ፣ የማግኔቱ ወገብ ከተማችን አጠገብ ያልፋል። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ማለትም ከዚህ እስከ አዳማ ባለው ርቀት፣ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰማይ ላይ ይፈሳል። በኪሩና ሰማዩን የሚያበራው የፀሐይ ማዕበል እዚህም መሣሪያውን ያናውጠዋል። እዚያ ይታያል፤ እዚህ አይታይም። ማዕበሉ ግን አንድ ነው። እህቴን ያቆማት ሰማይ በእኛም ቆርቆሮ ላይ ሳይታይ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ከሳምንት በኋላ እህቴ ሌላ ፎቶግራፍ ላከች። «ይኸው ያልታረመው» የሚል ብቻ ጽፋበታለች። በዚያው ሌሊት የተነሣ፣ መጣል የነበረበት ሥራ ነው። ደብዝዟል፤ ሰማዩ ግራጫ ነው፤ አረንጓዴው እንዳለና እንደሌለ ሆኖ በአንድ ጥግ ይታያል። በቀኝ በኩል የአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ፍሬሙን ቆርጦታል። ከታች ደግሞ ጓንቷን አውልቃ ስልኩን ለማስተካከል የዘረጋችው የግራ እጇ ሳታስበው ገብቷል፤ ጣቶቿ ቀልተዋል። በፎቶግራፍ ጥበብ መመዘኛ ከሄድን የሚወድቅ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለእናቴ አሳየኋት። የመጀመሪያውን አልፋ ሁለተኛው ላይ ቆየች።

«ይሄኛው ይሻላል» አለች።

«ለምን?» አልኳት፤ ከእሷ ሌላ ትምህርት ፈልጌ።

«እጇ ይታያላ!» አለችና መነጽሯን አውልቃ፣ ወደ ስዊድን የሚሄድ ሰው እንዳውቅ ጠየቀችኝ። በርበሬውን ለብቻ፣ የሱፍ ጓንቱን ለብቻ ልትቋጥር ነው።